ታብሌቱ ድሮኑን ያሳያል፤ የቆምንበትን ማወቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው



ሰሞኑን በካርቲየ 1 ወጣቶች ዘንድ የወሬው ሁሉ ርዕስ ድሮን ሆኗል። ሻይ ቤት ቁጭ ብትሉ ድሮን፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብትሉ ድሮን ነው። አንዱ ከዱባይ ዘመዱ ሊልክለት ቃል ገብቶለታል። ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ በድሮን እየቀረፀ የሚተዳደር ጓደኛ አለው። ሦስተኛው ደግሞ ታብሌቱን ገዝቶ ጨርሶ የሚበረው ዕቃ ብቻ ቀርቶታል። "ምን ችግር አለው? ታብሌቱ ላይ ካርታው አለ፣ ሥዕሉ አለ፣ የት እንደደረሰ ያሳይሃል፤ አይጠፋብህም እኮ!" ይላሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የበኩሌን ሐሳብ ለመሰንዘር እወዳለሁ። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። ወጣቱ ታብሌቱንና ካርታውን ጠንቅቆ ይማር፤ ድሮኑን ግን ከካርቲየ 1 ጣሪያ ላይ አያስነሣ። ሁለቱ ነገሮች ለየቅል ናቸው። አንደኛው ነፍስ ሊያድን የሚችል ዕውቀት ነው። ሁለተኛው በዚህ ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከሆነ መዘዝ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው እንነጋገር። ብዙ ሰው ድሮኑን የሚያበረው ታብሌቱ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ድሮኑን በሬዲዮ ሞገድ የሚያዘው በእጅ የሚያዘው ሪሞት ነው። ታብሌቱ በሽቦ ከሪሞቱ ጋር ተያይዞ የካሜራውን ሥዕልና ካርታውን የሚያሳይ መስኮት ነው። ድሮኑ በሆዱ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ይዟል። ከሳተላይቶች በሚያገኘው ምልክት የት እንዳለ ያሰላና ለሪሞቱ ይልካል፤ እኛም ካርታው ላይ በትንሽ ቀስት እናየዋለን። የቀስቷ ጫፍ የድሮኑ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ ታመለክታለች። ሲነሣም የተነሣበትን ቦታ "መነሻ" ብሎ ይመዘግባል። ከሪሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ ወይም ባትሪው ቢያንስ ወደዚያው ነጥብ ለመመለስ ይሞክራል።

እዚህ ላይ ገበያ ወጥቶ ታብሌት የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሲም የማይቀበለው፣ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው አይፓድ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ የለውም። ቦታውን የሚገምተው በአካባቢው ካሉ የዋይፋይ ምልክቶች ነው። ከከተማ ወጥታችሁ ሜዳ ላይ ስትቆሙ ያ ግምት ይጠፋል። እንግዲህ አስቡት፤ ታብሌቱ ድሮኑ የት እንዳለ ያሳያችኋል፤ እናንተ የት እንደቆማችሁ ግን አያውቅም! ሲም የሚቀበለው ዓይነት መቀበያው ስላለው ሲም ባይገባበትም ቦታውን ያውቃል። ዋጋው ረከስ ያለውን መርጦ የገዛ ሰው ይህን ልዩነት የሚረዳው ብዙውን ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ኮምፓሱ አለ። የድሮኑም የታብሌቱም ኮምፓስ የምድርን መግነጢስ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ብረት አጠገቡ ካለ ይሳሳታል። ሠፈራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው፣ የሲሚንቶው ፌሮ፣ የቆመው መኪና፣ የሠርግ ቤቱ ትልቅ ድምፅ ማጉያ፤ ይህ ሁሉ ኮምፓስ ያሳብዳል። ኮምፓሱ የተሳሳተበት ድሮን ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተውና እየሰፋ በሚሄድ ክብ መዞር ይጀምራል። ልጁ ታብሌቱ ላይ አፍጥጦ "ወደ ግራ" ሲለው እሱ ሌላ አቅጣጫ ይይዛል።

ሙቀቱንም አንርሳ። አይፓድ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአየር ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ የተሰናዳ መሆኑን አምራቹ ራሱ ይናገራል። ጅቡቲ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሄዳለች። ፀሐይ ላይ የተያዘ ታብሌት መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሥራ ያቆማል። በዚያች ደቂቃ ድሮኑ አየር ላይ ነው፤ ልጁ የያዘው ጥቁር መስታወት ነው። በዚሁ ወቅት ካምሲን የምንለው ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ወደ ባሕሩ ይነፍሳል። ትንሽ ድሮን ከነፋሱ ጋር ሲሄድ ደስ ይላል፤ መንገዱ ይቀልለታል። ሲመለስ ግን ነፋሱን ፊት ለፊት ይገጥማል። ግማሽ ባትሪ ጨርሶ የሄደ ድሮን በቀረው ግማሽ አይመለስም። መጨረሻው ባሕር ነው።

ሌላም አለ። ድሮኑ አፍንጫውን ወደ እናንተ ሲያዞር ግራና ቀኝ ይገላበጣል። ሪሞቱን ወደ ቀኝ ብትገፉት እናንተ እንደምታዩት ወደ ግራ ይሄዳል። የለመደ ሰው በመጀመሪያ አፍንጫውን ወደ ፊት፣ ጀርባውን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ከዚያ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ያስተያያል። ካርታውም ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው፤ ወይ ሰሜንን ሁልጊዜ ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ወይ ከያዘው ሰው ጋር ይዞራል። የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ ማብረር ካርታውን ዘቅዝቆ እንደማንበብ ነው።

ይህ ሁሉ የዕቃው ነገር ነው። አሁን ወደ ቦታው እንምጣ፤ የእኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው።

ካርቲየ 1 የት ነው ያለው? ከሐሙዲ መስጊድ ጥቂት እርምጃ ነው። በስተሰሜን ወደቡ አለ። በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ የአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። በዚያው ዙሪያ የአሜሪካኖቹ ካምፕ ሌሞኒዬ፣ የፈረንሳዮቹ የአየር ኃይል ሠፈርና ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጃፓኖቹ ሠፈር አሉ። በስተምዕራብ ዶራሌ ዘንድ በ2017 የተከፈተው የቻይና ሠፈር አለ። ይህን ያህል የውጭ ጦር በጠባብ ቦታ የያዘች ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ባለ ቦታ ካሜራ የተሸከመ ነገር ወደ ሰማይ መልቀቅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚቀበል ዘበኛም ፖሊስም አይገኝም። በተለይ ደግሞ መታወቂያው በስደተኝነት የሆነ ወይም ጭራሹን መታወቂያ የሌለው የእኛ ልጅ ሲያዝ "ለመዝናናት ነው" ማለት ምን ያህል እንደሚያዋጣው ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ድሮን ለጅቡቲ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በኦክቶበር 2012 እንደዘገበው፣ ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ ከሌሞኒዬ የተነሡ 5 ፕሬዳተር የተባሉ የአሜሪካ ድሮኖች ተከስክሰዋል። ከነዚህም አንዱ በሜይ 2011 ከመንደርደሪያው ሳይደርስ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ የመኖሪያ ሠፈር አጠገብ ወድቋል። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የጅቡቲ መንግሥት ድሮኖቹ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ጋር እንዳይጋጩ ስለሠጋ በሴፕቴምበር 2013 ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው ሻቤሌ ማረፊያ ተዛወሩ። ልብ በሉ፤ እነዚያን ያበሩት የሠለጠኑ መኮንኖች ነበሩ። በየአንዳንዱ ላይ የወጣው ገንዘብ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። እነሱ እንዲህ ከሆኑ፣ ቪዲዮ አይቶ የተማረ ልጅ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስነሥቶ ምን ሊሆን ነው?

ከዚህም የሚከፋ አለ። ሠፈራችንን የሞላው ሰው ከየት የመጣ ነው? ከትግራይ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከሶማሊያም የመጣ ነው። አንዳንዱ ከአሊ አዴና ከሆል ሆል ካምፕ ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ወደ ከተማ ብቅ ያለ ነው። ከዚህ ሕዝብ መካከል ያን የንብ ድምፅ የሚመስል ጉምጉምታ ሰምቶ ቤቱ የፈረሰበት፣ ዘመዱ የሞተበት አለ። በጃንዋሪ 2022 ትግራይ ውስጥ ደደቢት በተባለ ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች በተጠለሉበት ካምፕ ላይ በደረሰው የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎችም የሆነውን እናውቃለን። በጃንዋሪ 30 ቀን 2025 ደግሞ የጅቡቲ ጦር ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ በድሮን ባካሄደው ጥቃት 8 ሰዎች መግደሉን መንግሥት አስታውቋል። የተገደሉት ታጣቂዎች ናቸው ሲል ሲቪሎችም መጎዳታቸውን አምኗል። እንግዲህ ሠርግ ላይ "ለትዝታ" የተለቀቀ ድሮን ከአንዲት እናት ራስ በላይ ሲያጉረመርም እሷ የምታየው ሠርግ አይደለም። አንድ ቀን ምሽት በሠፈሩ ከፍ ያለ የሞተር ድምፅ ሲሰማ አንዲት ወይዘሮ ልጆቿን ጎትታ ከአልጋ ሥር ስታስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ድምፁ የጄነሬተር ነበር። ድሮን ቢሆንስ ኖሮ?

እንግዲህ አቅጣጫ ማወቅ ማለት ሰሜንን ማወቅ ብቻ አይደለም። ማን አጠገብ እንደቆምክ ማወቅም አቅጣጫ ማወቅ ነው። ይህን የትኛውም ታብሌት አይነግርህም።

"ታዲያ ወጣቱ ምን ይሁን? ቴክኖሎጂ አይንካ ነው የምትለን?" የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ። አይደለም። ተቃራኒውን ነው የምለው። ድሮኑን ትተን ታብሌቱን እንያዝ።

በ2019 እና በ2020 አንበጣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያን፣ ኬንያንና እዚህ ጅቡቲንም ባጠቃ ጊዜ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለአንበጣ ተቆጣጣሪዎች የሚያድለው ኢሎከስት 3 የተባለ ጠንካራ ታብሌት ነበር። ባለሙያው በረሃ ላይ ቆሞ ያየውን መንጋ፣ የዕፅዋቱንና የአፈሩን ሁኔታ ይመዘግባል። ታብሌቱ ቦታውን በጂ.ፒ.ኤስ. ይይዝና በሳተላይት ወደ ማዕከል ይልካል። ኔትወርክ በሌለበት፣ ምንም ነገር ሳይበር፣ አንድ ሰው ከነታብሌቱ የቆመበትን በትክክል በመናገሩ ብቻ መርጩ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይታወቅ ነበር። ጥበቡ "እኔ እዚህ ነኝ፤ ያየሁት ይህ ነው" ብሎ በትክክል ከመናገር ላይ ነበር።

ይህ ጥበብ ለእኛ ሰው ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። ለምን ቢሉ ስንቱ ወንድማችን ከጋላፊ ወይም ከደወሌ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ኦቦክ ሲጓዝ በውኃ ጥም መንገድ ላይ ቀርቷል። በየኪሱ ስልክ አለው። ግን "ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ ቦታ አያውቅም" ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ያጠፋዋል ወይ ይሸጠዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ኢንተርኔትም ሲምም አይፈልግም፤ ከሳተላይቱ በቀጥታ ይቀበላል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለካርታው ሥዕል ነው። ካርታውን ዋይፋይ ባለበት ቀድሞ ያወረደ ሰው በረሃ ላይም ያየዋል። ካርታ ባይኖር እንኳ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። ጅቡቲ ከተማ በሰሜን ኬክሮስ 11.6፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 43.1 ገደማ ላይ ናት። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመቶኛው ቁጥር አንድ ሲለወጥ አንድ ኪሎ ሜትር ተጓዝን ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንብቦ በስልክ መናገር የሚችል ሰው ቢጠፋ እንኳ ይፈለጋል። "ተራራ አጠገብ ነኝ" የሚል ሰው ግን የት ይፈለግ?

ደላላው የሚኖረው በዚህ ባለማወቃችን ነው። "ቅርብ ነው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ" ሲል የሚያምነው ርቀቱን የማያውቅ ሰው ነው። በኦክቶበር 2024 መባቻ ከየመን 310 ሰዎች ጭነው የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አውራጃ ኮር አንጋር ዘንድ ሲደርሱ አሻጋሪዎቹ ሰዎቹን ባሕር ላይ አስገድደው በማውረዳቸው ቢያንስ 45 ሰዎች ሞተዋል። የቁጥር ዕውቀት መሣሪያ የያዘ አሻጋሪን ያስቆማል አልልም። ነገር ግን የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ገና ከመነሻው ራሱን ለሌላ ሰው አስረክቧል። መንገዱን በካርታ ላይ አስቀድሞ ያየ፣ ኪሎ ሜትሩን የቆጠረ፣ ውኃ ያለበትንና የሌለበትን የለየ ሰው ምናልባት "ይቅርብኝ" ሊል ይችላል። እሱም አንድ ነፍስ ነው።

ደግሞ መሣሪያው ሲጠፋስ? ባትሪ ያልቃል፣ መስታወት ይሰበራል። አባቶቻችን ያለ ታብሌት አቅጣጫ ያውቁ ነበር። ኦርቶዶክሱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ መቅደስም ወደ ምሥራቅ ነው። ሙስሊሙ እዚህ ጅቡቲ ቂብላውን ሲይዝ ፊቱ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ነው፤ መካ ከእኛ በዚያ በኩል ናትና። ሁለቱ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ቢቆሙ ምሥራቅና ሰሜን ተገኙ ማለት ነው! ከዚህ የተሻለ ኮምፓስ የት አለ? ፀሐይን ግን ተጠንቀቁ። "የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ሰሜን ነው" እያሉ የሚያስተምሩ አሉ። ለአውሮፓ ልክ ነው። ለእኛ ግን በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከጅቡቲ በስተሰሜን ስለምትሆን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወቅት፣ ተሳስቶ ወደ ኋላ መሄድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የተጓዘ ያውቀዋል።

ስለዚህ ለሠፈራችን ወጣቶችና ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ዓርብ ሥራ የለም። አራት ዓርብ፣ በየዓርቡ ሁለት ሰዓት እንስጥ። በመጀመሪያው ዓርብ ካርታ ማውረድና ማንበብ፣ በሁለተኛው ሁለቱን ቁጥሮች አንብቦ ለሌላ ሰው በስልክ መናገር፣ በሦስተኛው ያለ መሣሪያ አቅጣጫ መለየት እንማር። በአራተኛው ሁሉንም ይዘን ከተማው ውስጥ በእግር እየዞርን እንሞክረው። ሦስት አራት ታብሌት ይበቃል፤ ያለው ያምጣ፣ የሌለው አጠገቡ ይቀመጥ። እህቶቻችን እንዳይቀሩ። በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው የሚኖሩበትን ሠፈር ስም እንኳ የማያውቁ ብዙ አሉና ከማንም በፊት እነሱ ይማሩ።

ድሮን ማብረር እንጀራዬ ይሆናል የሚል ወጣት ካለም ተስፋ አላስቆርጠውም። ሩዋንዳ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ደም በድሮን ለሆስፒታሎች ይደርሳል፤ ሥራው የወደፊት ሥራ ነው። ግን መንገዱን ይዞ ይሂድ። በኮምፒዩተርና በታብሌት ላይ የሚሠሩ የማብረሪያ መለማመጃዎች አሉ፤ መቶ ጊዜ ቢወድቅበት የሚሰበር የለም። እዚህ ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ አይሞክረው። ኢትዮጵያ ይዞ እገባለሁ ካለም የኢንሳን ፈቃድ ሳይዝ ቦሌ ላይ እንደሚቀማ ይወቀው። ሲፈቀድለት ደግሞ ከማረፊያና ከጦር ሠፈር ርቆ፣ በቀን፣ ድሮኑን በዓይኑ እያየ፣ ከሰው ራስ በላይ ሳያሳልፍ ያብርር። ዓይኑን ከሰማዩ፣ ጆሮውን ከሰዉ አይለይ፤ ታብሌቱን አልፎ አልፎ ቢያይ ይበቃዋል።

"በኛ ሠፈር ብቻ ነው ወይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ?" የሚል ካለ መልሴ አዎ ነው። ሰው አገር ነን። የአንዱ ልጅ ጥፋት ለሁላችን ይተርፋል፤ አንድ ድሮን ቢወድቅ የሚፈተሸው አንድ ቤት አይሆንም። ባንጻሩ የአንዱ ልጅ ዕውቀትም ለሁላችን ይተርፋል። የቱን እንደምናስቀድም መምረጥ የእኛ ነው።

የፊታችን ዓርብ ታብሌት ያለው ታብሌቱን፣ ስልክ ያለው ስልኩን ሞልቶ ይምጣ። ካርታው ቢወርድ ባይወርድ ቢያንስ ምሥራቁን ተነጋግረን እንለያያለን።

ቸር ይግጠመን።